እማዬ ምን በደለች? መከራን በእምነት እንዴት ነው የምትረዱት?

የአራዳዋ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ኦርቶዶክስም ሁኑ ፕሮቴስታንት ችግር የለብኝም፤ ብቻ ከልባችሁ መልሱልኝ።

እማዬ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት 3 ቀን እጥበት ታደርጋለች። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቤት ስትደርስ ለመናገር እንኳ አቅም የላትም። ክንዷ ላይ ለመርፌው ተብሎ ደም ሥሯን በቀዶ ሕክምና አገናኝተውላታል። እጅ ሲያርፍበት ከሥር ይርገበገባል። መሥራቱን በየቀኑ እየዳሰሳችሁ አረጋግጡ ስላሉን ማታ ማታ የምዳስሰው እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ለማንበብ።

ተወልደን ያደግነው ፒያሳ ነው፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ሰፈሩ ሲነሣ እኛም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ዕድርተኛውም በየአቅጣጫው ተበተነ። እጥበቱ ግን መሃል ከተማ ስለሆነ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተን ነው ታክሲ ፍለጋ የምንወጣው።

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የጠያቂውን ወሬ ነው። አንዷ መጥታ «እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል» ትላለች። ሌላዋ «ከዘር የመጣ ነገር ይኖራል፣ በደንብ መርምሩ» ትላለች። ሌላው ደግሞ «ማሽኑን ተዉና ጠበል አስገቧት፣ እምነት ብታጡ ነው እንጂ» ይላል። እማዬ ዳዊት ሳትደግም ውላ አታውቅም። 23 በመጣ ቁጥር ጊዮርጊስን የምትዘክር ሴት ናት፣ የሰው ገንዘብ አልነካች፣ ከጎረቤት አልተጣላች። ባለፈው እንግዶቹ ሲወጡ ጠብቃ «ልጄ፣ ምን በድዬው ይሆን?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እኔ ራሴ ጸሎት ስቆም ቃል አይወጣኝም። ያለኝ ንዴት ብቻ ነው። በእግዚአብሔር ላይ መናደድ ኃጢአት ነው? እናንተስ እንዲህ ያለውን እንዴት አለፋችሁት?

---

ቀበና_ማዶ

አይዞሽ እህቴ። እግዚአብሔር ይማርልሽ። የክርስትና ስሟን በውስጥ ላኪልኝ፣ በጸሎት አስባታለሁ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ግን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

---

ዘስድስት_ኪሎ

እህቴ፣ በዲቁና አገለግላለሁ፣ ሊቅ ግን አይደለሁም። የመጀመሪያውን ጥያቄ በግልጽ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም ጌታ ራሱ በግልጽ መልሶታል።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ለእናትሽ አንብቢላት። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ነው ኃጢአት የሠራው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። ያ የእናንተ ጠያቂ «ከዘር ነው» ያለው ማለት ነው፣ ጥያቄው 2 ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቷል። ጌታም እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ሉቃስ 13 ላይም የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱ 18 ሰዎች ተነሥተዋል። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ እነሱ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ራሱም አይደለም ብሎ መለሰ። እውነት ነው፣ እዚያው ላይ ሁሉንም ሰሚ ወደ ንስሐ ይጠራል። ግን ንስሐ የሚጠራው የቆመውን ሰሚ ነው። በወደቀው ሰው ላይ ፍርድ አልሰጠም።

የኢዮብንም ነገር አስቢ። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ኢዮብ ፍጹምና ቅን ነበር ይላል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ምዕራፍ በምዕራፍ እየተፈራረቁ «መቼም ሳትበድል እንዲህ አይደርስብህም» ይሉታል። መጨረሻ ላይ፣ ምዕራፍ 42፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? የልደቱን ቀን በረገመው በኢዮብ አይደለም። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው በወዳጆቹ ነው፣ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው ላካቸው። ስለዚህ እናትሽን «ምን በድለሽ ነው» የሚላት ሰው ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆመ ይመስለው ይሆናል፣ መጽሐፉ ግን ከነኤልፋዝ ጋር ነው የሚያስቀምጠው።

---

እምነት_ያድናል

ሰላም። እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ በቅንነት ነው የምናገረው። አክስቴ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባት ሴት ነበረች። ጠበል ቦታ ከርማ ድና መጥታለች፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ እህታችን እናትሽን ውሰጃት። በደንብ ጠጥታ፣ ተጠምቃ፣ እምነቱን ተቀብታ ትቆይ። መድኃኒትና ጠበል ሲቀላቀል ልብ ይከፈላል። ግማሹን ለማሽን ግማሹን ለእግዚአብሔር መስጠት አይሆንም።

---

ነርሷ

ወንድሜ እምነት_ያድናል፣ የአክስትህን መዳን አልክድም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እዚህ ላይ ዝም ካልኩ እግዚአብሔር ይጠይቀኛል። የምሠራው እጥበት ክፍል ውስጥ ነው።

እጥበት ላይ ያለ ሰው ኩላሊቱ ውኃውን አያስወጣለትም። ብዙ ሰው ሽንቱ ቀንሷል ወይም ከናካቴው ቆሟል። የጠጣው ሁሉ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ እግር ያብጣል፣ ከዚያ ሳንባ ውስጥ ይገባና ሰው ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፖታሲየም የሚሉት ደግሞ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። አንድና ሁለት ዙር መዝለል ቀላል ነገር አይደለም። «በደንብ ጠጪ» የሚለውን ምክር ለእናቷ ብትሰጥ ልትገድላት ትችላለህ፣ በመጥፎ ልብ እንዳላልከው ባውቅም።

ጠበል አትውሰጂያት እያልኩ አይደለም እህቴ። ትጠመቅ። ለበረከት አንድ ጉንጭ ትቅመስ፣ ያንንም ከቀኑ የውኃ መጠኗ ላይ ቁጠሩት። ጥሙ ሲያስቸግራት ትንሽ በረዶ ወይም ቁራጭ ሎሚ አፏ ውስጥ ትያዝ።

መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም ያልኩት እኔ አይደለሁም። እንጦጦ ላይ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እየተዉ ጠበል ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች በበዙበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክ 38ም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ማሽን ላይ ሆነው በአንድ እጃቸው መቁጠሪያ ይዘው ይጸልያሉ፣ ሌላኛው እጅ ላይ መርፌ አለ። እነሱን እያየሁ ልባቸው ተከፍሏል ብዬ አስቤ አላውቅም።

---

ጥያቄ_አለኝ

ዲያቆን፣ የጻፍከውን በአክብሮት አነበብኩት። ኃጢአት አይደለም፣ እሺ ይሁን። ታዲያ ምንድነው? ከኃጢአቷ ካልሆነ የባሰ ነው እኮ! ያለ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ማዳን የሚችል አምላክ ዝም ብሎ እያየ ነው ማለት ነው።

እኔ ታናሽ ወንድሜን በመኪና አደጋ አጥቻለሁ። በማግስቱ አንድ ሰው «ለበጎ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እሳለማለሁ፣ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። ልቤ አልቆረጠም፣ ግን «ለበጎ ነው» የሚለውን መስማት አልችልም። የሚመልስልኝ ካለ ይመልስልኝ፣ ካልሆነ ግን እባካችሁ ጥቅስ ብቻ አትወርውሩብኝ።

---

የወንጌል_ልጅ

ሰላም ቅዱሳን። እኔ ከመካነ ኢየሱስ ነኝ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የማመልከው።

በእኛም ቤት ሌላ መልክ ይዞ አለ እህቴ። አንዳንድ መድረክ ላይ «ካመንክ ትፈወሳለህ፣ ትባረካለህ፣ ካልተፈወስክ እምነትህ ይጎድላል» ይባላል። የታመመ ሰው ታሞ ሳለ ሌላ ሸክም ተጭኖበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሄ ወንጌል አይደለም ብዬ ነው የማምነው። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት 3 ጊዜ ለመነ፣ አልተነሣለትም። የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ጳውሎስ እምነት ጎደለው የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

እኔ በመከራ ሰዓት የማስባቸው ሰው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር ውጣ ቢባሉ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ 10 ዓመት ገደማ ታሰሩ፣ ከባድ ስቃይም ደረሰባቸው፣ ባላቸው የት እንደተቀበሩ እንኳ ሳያውቁ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከእስር ወጥተውም በእምነታቸው ጸንተው ኖሩ። ታዲያ እኚህ ሴት ምን በድለው ነው?

---

ዘስድስት_ኪሎ

ወንድሜ፣ በዚያው ዘመን የእኛም ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ታስረው ተገድለዋል፣ የእሳቸውም አጽም የተገኘው ያው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የሁለታችን አባቶች በአንድ መንግሥት እጅ አለፉ። ደስ ይለኛል ይሄን ስላነሣህ።

የአራዳዋ ልጅ፣ ፒያሳ ያደግሽ ስለሆንሽ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ስንት ጊዜ አልፈሽዋል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን በጥይት ደብድቦ ገደላቸው፣ አርበኞቹን አውግዝ ሲባሉ እምቢ ስላሉ። እሳቸውን ማንም «ምን በድለው ነው» አይላቸውም። መከራቸው የቅድስናቸው ምስክር ሆኖ ቆሟል። የታመመች እናት ላይ ስንደርስ ግን ሚዛናችንን እንቀይራለን፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ስለ ንዴትሽ። ዳዊቱን ክፈቺ። መዝሙር 21 (በሌላው አቆጣጠር 22) «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ብሎ ይጀምራል፣ ጌታም በመስቀል ላይ ይህንኑ ጮኸ። መዝሙር 87ን ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቢው (በሌላው አቆጣጠር 88 ነው)። ሌሎቹ መዝሙራት በለቅሶ ጀምረው ብዙውን ጊዜ በምስጋና ያልቃሉ። ይሄኛው ግን አይመለስም፣ ወዳጄን ከእኔ አራቅህ ብሎ ጨለማ ላይ ያበቃል። አባቶች ይሄ ምስጋና ይጎድለዋል ብለው አላወጡትም። እናትሽ ዳዊት ስትደግም ኖራ ከሆነ እሱንም ስትደግም ነው የኖረችው። ስለዚህ ቃል ሲያጥርሽ የራስሽን ቃል አትፈልጊ፣ እሱን አንብቢው። የተናደደ ሰው ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አድርጎ ከተናደደ ገና ጸሎት ላይ ነው።

ጥያቄ አለኝ፣ ለአንተም ወንድሜ፣ «ለበጎ ነው» አልልህም። ሰሙነ ሕማማትን አስብ። ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን ታውቃለች አይደል? እያወቀች ግን ሳምንቱን ሙሉ ታዝናለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስግደት ነው፣ መስቀል መሳለም የለም፣ ጸሎተ ፍትሐት እንኳ አይደረግም፣ አስቀድሞ በሆሣዕና ነው የሚደረገው። ማንም ተነሥቶ «ትንሣኤ ስለሚመጣ አትዘኑ» አይልም። ዓርብ ዓርብ ነው። ሐዘንህን ሰው ሊያስቸኩልህ መብት የለውም።

---

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ልጆች፣ እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም። ባለቤቴን በካንሰር ካጣሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ኖሬበት ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ጥያቄ አለኝ ላልከው ልጄ፣ «ለምን» የሚለው እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። አሁንም እጠይቃለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የምጠይቅበት ጊዜ አለ። ኢዮብም ቢሆን እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ሆኖ ሲያናግረው ምክንያቱን አልነገረውም፣ በሰማይ የተባለውን እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን እንጂ ኢዮብ አልሰማም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። አልዓዛር ሲሞት ጌታ ሊያስነሣው እንደሆነ ያውቃል። ያውቃል! ግን ማርያም ስታለቅስ አይቶ አለቀሰ። ከደቂቃዎች በኋላ ደስ እንደሚላት እያወቀ «አታልቅሺ» አላላትም። እኔ ይሄን አምላክ ልተወው አልችልም። መልስ ስላልሰጠኝ ብተወው ወዴት እሄዳለሁ፣ አብሮኝ የሚያለቅስ ሌላ የት አገኛለሁ?

ትንሣኤንም አምናለሁ፣ በምሳሌ ሳይሆን በእውነት። ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም። እኔም እያዘንኩ እጠብቃታለሁ።

ሌላው፣ ሰው። ባለቤቴ ስታርፍ ገና ሰፈራችን አልፈረሰም ነበር። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ወንዶቹ ካርታ ይዘው አመሹ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነበሩ፣ በየቀኑ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ምንም አይሉም። ሲነሡ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለው ይሄዳሉ። የነኢዮብም ወዳጆች መጀመሪያ ላይ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል፣ ያኔ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የእኚያን ሽማግሌ ዝምታ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ለዚህ ነው የአራዳዋ ልጅ ስትጽፍ ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ «ዕድርተኛው ተበተነ» ያለችው። በሽታው ብቻ አይደለም፣ የሚሸከሙልሽ ሰዎች ናቸው የራቁት። ያንን ደግሞ እግዚአብሔር ለምን አደረገ ብለን ብቻ አንተወው፣ እኛ የምንችለው ነገር ነው። የቀድሞ ማኅበርተኞቿን ስልክ ፈልጊ። አብዛኞቹ ቢበተኑም ለ23 ጊዮርጊስ ይመጣሉ፣ አውቃለሁ፣ እኛም የድሮ ሰፈርተኞች እስጢፋኖስ እንገናኛለን። መታመሟን ያልሰሙ ይኖራሉ።

---

እምነት_ያድናል

ነርሷ፣ የውኃውን ነገር አላውቅም ነበር። እህቴ፣ በደንብ ትጠጣ ያልኩትን ተዪው። እግዚአብሔር እንደሚያድን ግን አሁንም አምናለሁ፣ ስለ እናትሽ እለምነዋለሁ።

---

የአራዳዋ_ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እማዬ ካለችበት ክፍል ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ አልቅሼ ጨርሼ ገባሁ። ዮሐንስ 9ን አነበብኩላት። «እንደገና አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩት። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ እንዲያ ከሆነ እሺ» ብላ ተኛች።

መዝሙር 87ን በግዕዙ በቃሏ ነው የምታውቀው። እኔ ነኝ የማላውቀው፣ በአማርኛ ሳነበው ደነገጥኩ። እንዲህ ማለት ይቻላል ወይ ብዬ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጾም መጣ። ሐኪሙ እንቁላልና ሥጋ ብዪ ይላታል፣ እሷ ደግሞ «በሕይወቴ ጾም ሽሬ አላውቅም፣ አሁን ልሞት ስል ነው የምሽረው?» ትላለች። ምን ልበላት?

---

ነርሷ

እጥበቱ ፕሮቲን ይወስድባታል፣ ስለዚህ ከሌላ ሰው የበለጠ ነው የሚያስፈልጋት። በምስርና በባቄላ ልተካው ብትል ደግሞ ፖታሲየምና ፎስፈረሱ አለ፣ መጠኑን ሐኪሟ ወይም የምግብ ባለሙያው ይንገራት። ሙዝ፣ ቲማቲምና ድንች ላይም ጥንቃቄ አድርጉ። ድንቹን ልጣችሁ፣ ቆራርጣችሁ፣ በብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉት።

---

ዘስድስት_ኪሎ

የታመመ ሰው ጾም አይገደድም፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ግን ከአንቺ ወይም ከእኔ ብትሰማው አይዋጥላትም። የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ጥሪያቸው፣ እሳቸው ራሳቸው በቃላቸው ይፍቱላት። የሚደረግ ነገር ከፈለገች ጸሎትና ምጽዋት ይተኩላታል። ካህኑ ፊቷ ተቀምጠው «ልጄ ብዪ» ሲሏት ነው የምትበላው።

---

የአራዳዋ_ልጅ

ስልካቸው አለኝ፣ ዛሬ እደውላለሁ። ከድሮ ማኅበርተኞቿም ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ። አንደኛዋ «ለምን አልነገርሽንም» ብላ ተቆጣችኝ።

---

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ልጄ፣ መኪና አለኝ፣ ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ጊዜም አለኝ። ከእጥበቱ ስትወጣ በታክሲ አትንገላታ። የቀኑንና የሰዓቱን ነገር በውስጥ ጻፊልኝ። ቤት ካደረስኳት በኋላ አልቀመጥም፣ ለማውራት እንዳትጨነቅ።

---

ጥያቄ_አለኝ

ጋሼ፣ እርስዎ በማይመችዎት ቀን እኔ እወስዳታለሁ። ሜክሲኮ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነጻ ነኝ። የአራዳዋ፣ ቅዳሜ እጥበት ካላት ንገሪኝ።

---

የአራዳዋ_ልጅ

አላት። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ገብታ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች። አድራሻውን ለሁለታችሁም አሁን በውስጥ ልኬላችኋለሁ።